የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን መምጠጥ ሲያቅታት፦ ብሎወሩን (መምጠጫ ሞተሩን) እንዴት እንጠግናለን፣ መቼስ እንቀይራለን?

ረመዳን ሊገባ 3 ቀን ሲቀረው ነው ማሽኔ የጮኸችብኝ። ጅማ ላይ ምንጣፍ የሚያጥብ ሰው ያ ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቤቱ ሁሉ ምንጣፉን ያወጣል፣ መስጊዶችም ይጠራሉ፣ ስልክ አያርፍም። አንድ ሰፊ ሳሎን መሃል ተንበርክኬ ስሰራ ማሽኗ መጀመሪያ አፏጨች፣ ቀጥላ እንደ ወፍጮ አጓራች። የቤቱ እመቤት ከጓዳ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ምን ሆነችብህ?» አሉኝ። «ምንም አይደል እማማ፣ ትንሽ ደክሟት ነው» አልኳቸው። ዋሽቼ ነው። እጄን ቱቦው አፍ ላይ ሳደርግ ከሕፃን ትንፋሽ የማይሻል ነገር ነበር የሚስበው።

አዲስ ሞተር ከአዲስ አበባ አስላኩ፣ ገጠምኩ፣ ስራዬን ቀጠልኩ። በ3ኛው ሳምንት እሱም ሞተ። ሁለተኛውን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ስዘረግፈው ነው ነገሩ የገባኝ። ፋኖቹ ላይ የደረቀ የሳሙና አረፋ እንደ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል፣ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ዝጎ ቡናማ ሆኗል። የመጀመሪያውን ሞተር የገደለው እርጅና አልነበረም። አረፋ ነው። ገዳዩን ቤት ውስጥ አስቀምጬ አዲስ እንግዳ አስገባሁበት ማለት ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ስለ መፍታትና መግጠም ብቻ አይደለም። ብሎወሩ ምን እንደገደለው ሳታውቁ አዲስ አትግዙ፤ የምለው በዋናነት ይሄንን ነው።

ስሙ ላይ እንስማማ

ብሎወር ሲባል የሚነፋ እንጂ የሚስብ አይመስልም። ስራው ግን አንድ ነው። አየሩን ከታንኩ ውስጥ አውጥቶ ወደ ውጭ ይጥለዋል፣ የጎደለውን ለመሙላት በቱቦው የሚገባው አየር ደግሞ ከምንጣፉ ላይ ውሃውን ይዞ ይመጣል። እኔ መምጠጫ ሞተር ነው የምለው፣ እዚህም ሁለቱንም እያቀያየርኩ እጠራዋለሁ።

የማወራው በጎማ እግሯ ስለምትገፋዋ ማሽን ነው፤ ውሃ የምትረጭ፣ መልሳ የምትመጥ፣ አንድ ወይም ሁለት መምጠጫ ሞተር ያላት። መኪና ላይ ስለሚጫነው ትልቁ ብሎወር መጨረሻ ላይ ጥቂት እላለሁ፤ እሱ ሌላ ፍጥረት ነው።

ለእኛ ከተማ መምጠጥ ከማጠብ ይበልጣል። ክረምት ላይ ጅማ እንዴት እንደምትዘንብ ታውቃላችሁ። ውሃው ያልወጣለት ምንጣፍ አጥር ላይ ሁለት ቀን ቢሰጣም አይደርቅም፣ በሦስተኛው ቀን ይሸታል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሽታውን እንጂ ያጠባችሁበትን ሳሙና አያስታውስም።

ከመፍታታችሁ በፊት

ማሽኗ አልስብ ስላለች ብቻ ሞተሩን አትክሰሱት። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ከቱቦው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሞተሩ እየቀረባችሁ ፈትሹ።

መጀመሪያ እጃችሁን ቱቦው ጫፍ ላይ አድርጉ። ስበቱ ደካማ ከሆነ ቱቦውን ከማሽኗ ነቅላችሁ እዚያው መግቢያዋ ላይ እጃችሁን አድርጉ። እዚህ ጋ በኃይል የምትስብ ከሆነ ችግሩ ቱቦው ነው፤ ተቀዷል ወይ ተደፍኗል። አሁንም ደካማ ከሆነ የታንኩን ክዳን ጎማ፣ ቆሻሻ ውሃ የምታፈሱበትን መዝጊያና ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ማጣሪያ እዩ። የኔን ማጣሪያ ስከፍት ብዙ ጊዜ የማገኘው ቄጤማ ነው። ቡና የሚፈላበት ሳሎን ምንጣፍ ውስጥ ቄጤማ፣ የከሰል ፍርፋሪ፣ ቀለጥ ያለ እጣን አይጠፋም። አንድ ጊዜ ግማሽ እፍኝ ቄጤማ አውጥቼ ማሽኗ በዚያው ተፈወሰች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቱቦው ሲደፈን የሞተሩ ድምፅ ይቀጥናል፣ ከፍ ይላል። ሰው «ጨነቀው» ይላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የሚገፋው አየር ስላነሰ ጭነቱ ቀሏል፣ ስለዚህ ፈጥኖ ይዞራል። ቱቦውን በእጃችሁ ስትዘጉ ድምፁ ከቀጠነ ፋኖቹ በጤና እየሰሩ ነው ማለት ነው። ዘግታችሁትም ድምፁ ካልተለወጠ ወይ አየር በሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፣ ወይ ፋኑ ዘንጉ ላይ ላልቶ በባዶ እየተሽከረከረ ነው።

የድምፅ ዓይነቱም ይናገራል። የሚያጓራና የሚፈጭ ድምፅ ኩሽኔታ ነው። ቅጥቅጥታና መንቀጥቀጥ የተሰበረ ወይም ቆሻሻ የያዘ ፋን ነው። የተቃጠለ ሽታ ያለበት፣ እየቆረጠ የሚነሳ፣ በመታችሁት ቁጥር የሚነቃ ሞተር ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ) አልቋል። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ሞተሩን ከመንካታችሁ በፊት ማብሪያ ማጥፊያውንና ገመዱን በቴስተር ለኩ። ገመድ እየረገጥን ነው የምንሰራው፣ ይበጠሳል።

መፍታት

ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም፣ ንቀሉና ሶኬቱን ዓይናችሁ የሚያየው ቦታ አድርጉት። ውሃና 220 ቮልት ባንድ ላይ ያለበት ዕቃ ነው። የንጹሑንም የቆሻሻውንም ውሃ ታንክ አፍስሱ፣ ማሽኗ ትድረቅ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ጠፍጣፋና መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቁልፍ፣ ቴስተር፣ የኩሽኔታ መንቀያ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም የማይለቅ ማርከርና ስልካችሁ። ስልኩ ለፎቶ ነው። የትኛው ሽቦ የት እንደነበር፣ የትኛው ሮንዴላ ከየትኛው ፋን ቀጥሎ እንደመጣ አስታውሳለሁ የሚል ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ ትርፍ ሮንዴላ በእጁ ይዞ ይቀራል። እኔ ቀርቻለሁ።

ሞተሩ ከታንኩ ስር ወይም ከጀርባ ነው የሚቀመጠው፣ በ3 ወይም በ4 ብሎን ወይም በአንድ ማሰሪያ ተይዞ። ሽቦዎቹን ፎቶ አንሱና ንቀሉ፣ ብሎኖቹን አውጡ፣ ሞተሩን አንሱት። አየር እንዳያልፍ ስሩ የተደረገውን ጓርኒሲዮን አትቅደዱት፣ ባትጠቀሙበትም እንኳ ለልክ ይጠቅማል። ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ቀዳዳ አሁኑኑ በጣታችሁ ዳብሱት። እርጥብ ከሆነ ወይም ቀይ ጭቃ ካለበት ገዳዩን አገኛችሁት። የጅማ ቀይ አፈር ከሳሙና ጋር ሲደርቅ ሸክላ ይሆናል፤ በጥፍር አይለቅም።

አሁን ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩት። ጤነኛ ከሆነ ያለ ድምፅ ዞሮ ቀስ ብሎ ይቆማል። አሸዋ እንዳለበት እየተንኮሻኮሸ ከቆመ ወይም ወደ ጎን ስትነቀንቁት ከተላወሰ ኩሽኔታው አብቅቶለታል።

ካርቦኖቹ ከላይ በኩል ግራና ቀኝ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በሁለት ቪቴ የተያዙ። መጀመሪያ እነሱን አውጡ፤ እነሱ እያሉ አርማቸሩን፣ ማለትም ሽቦ የተጠቀለለበትን የሚዞረውን ክፍል፣ ለመሳብ ብትሞክሩ ይሰበራሉ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የቀረ ካርቦን ይቀየር፣ ደግሞ ሁለቱም ባንድ ላይ። አንዱ ብቻ አይቀየርም።

ቀጥሎ የፋኖቹ ቆርቆሮ ክዳን ነው። በማርከር ከክዳኑ እስከ ገላው አንድ መስመር አስምሩ፣ ስትመልሱት እንዲገጥም። ክዳኑ ብዙ ጊዜ ያለ ብሎን ተጭኖ ነው የገባው። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ዙሪያውን እየዞራችሁ ጥቂት ጥቂት ገፋ አድርጉት። ባንድ በኩል በኃይል ካነሳችሁት ይጣመማል፣ የተጣመመ ክዳን ደግሞ ፋኑን ይነካል። ከስሩ የመጀመሪያው ፋን ይታያል፣ በዳዶ የታሰረ። ዳዶው በአንዳንዱ ሞተር በተለመደው አቅጣጫ አይፈታም፣ ስለዚህ እምቢ ካለ ጉልበት ከመጨመር በፊት በሌላኛው አቅጣጫ ሞክሩ። ዘንጉ እንዳይዞር ከላይኛው ጫፍ ያዙት እንጂ ፋኑን በፒንሳ አትያዙ። ፋኑ ስስ አልሙኒየም ነው፣ ትንሽ ከተጣመመ በዚያ ፍጥነት ሚዛኑን ይስታል። ፍጥነቱ በደቂቃ 20,000 ዙር አካባቢ ነው። የባጃጅ ሞተር በሕልሙም እዚያ አይደርስም።

ሞተሩ 2 ወይም 3 ፋን ሊኖረው ይችላል፣ በየመሃላቸው የማይዞር ሳህን አለ። እንደወጡ በተራቸው ጋዜጣ ላይ ደርድሯቸው።

ምን እንደሞተ ማወቅ

እዚህ ላይ ቁጭ ብላችሁ አስቡ፣ ቡና ካለ ቡና ይዛችሁ። ውሳኔው እዚህ ነው።

አርማቸሩን አውጥታችሁ ካርቦኑ የሚሄድበትን የመዳብ ቀለበት እዩ። ለስለስ ያለ፣ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ያንን ቡናማ ቀለም ቆሻሻ መስሏችሁ አትፈትጉት። ጥቁር ጥቁር የተቃጠሉ ቦታዎች ካሉት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አጽዱ። ብረት የሚሞረድበትን ጥቁሩን ወረቀት ግን አትጠቀሙ። ብናኙ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ በመዳቦቹ መሃል ገብቶ ያገናኛቸዋል።

ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና ጎን ለጎን ያሉትን መዳቦች ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ዙሪያውን ለኩ። ቁጥሩ በሁሉም ላይ ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ዘሎ ከተለየ ሽቦው ውስጥ ተበጥሷል ወይ ተቃጥሏል። ከዚያ አንዱን ጫፍ መዳቡ ላይ፣ ሌላውን ዘንጉ ላይ አድርጉ። ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ አርማቸሩ ኤሌክትሪክ ወደ ገላው እያፈሰሰ ነው፣ ያ ማሽን እርጥብ ምንጣፍ ላይ የቆመ ሰው ይገድላል።

የኔ አቋም ይሄ ነው። ኩሽኔታና ካርቦን ብቻ ከሆነ ጠግኑ። አርማቸሩ ከተቃጠለ ቀይሩ። ይጠቀለላል የሚላችሁ አይጠፋም፤ እኔም የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ሲቃጠል ለጥቅለላ እወስዳለሁ፣ አጥጋቢ ስራ ነው የሚሰሩልኝ። ይሄኛው ግን በደቂቃ 20,000 ዙር የሚሽከረከር ነገር ነው፣ ከተጠቀለለ በኋላ ሚዛን መጠበቂያ መሳሪያ ላይ ወጥቶ መስተካከል አለበት። በእጅ የተጠቀለለ አርማቸር አንዴ ሞክሬ አዲሱን ኩሽኔታ በሁለት ሳምንት በላብኝ። የጠቀለሉልኝ ጋሼ ራሳቸው «ነግሬህ ነበር እኮ» አሉኝ፤ ነግረውኝ ነበር።

ኩሽኔታ መቀየር

ሁለት ናቸው፣ ከላይ አንድ፣ በፋኑ በኩል አንድ። የሚሞተው ብዙ ጊዜ የፋኑ በኩል ያለው ነው፣ ምክንያቱም እርጥበቱ የሚመጣው በዚያ ነው። ቢሆንም ሁለቱንም ቀይሩ። ሌላኛውን ለመቀየር ይሄን ሁሉ መልሶ መፍታት ያሳዝናል።

ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። 608 ከሆነ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። 6203 ከሆነ 17 በ40 በ12 ነው። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ በካሊፐር ለክታችሁ ሂዱ። እዚህ ጅማ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ የመኪናና የሞተር ሳይክል መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች እነዚህን ልኮች ብዙ ጊዜ አያጡም። ልኩ ብቻ ግን አይበቃም፣ ከቁጥሩ ኋላ ያሉትን ፊደላትም ገልብጡ። 2አርኤስ (2RS) ማለት በጎማ የተከደነ፣ ዜድዜድ (ZZ) ማለት በቆርቆሮ የተከደነ ነው። «ጎማው ውሃ ይከላከላል» ብላችሁ ዝም ብላችሁ ጎማውን አትግዙ። የሚታሻሽ ጎማ ያለው ኩሽኔታ የፍጥነት ገደቡ ዝቅ ያለ ነው፣ በተለይ 6203ን በሚያህለው ላይ፣ በዚህ ሞተር ፍጥነት ይግላል፣ ግራሶው ይቀልጣል። አሮጌው ላይ የነበረውን ዓይነት ፈልጉ። ሲ3 (C3) የሚል ካለበት እሱም አለምክንያት አልተጻፈም፤ ሲግል እንዳይጨናነቅ ውስጡ ትንሽ ላላ ያለ ማለት ነው።

አሮጌውን በመንቀያ አውጡት። መንቀያ ከሌላችሁ ቶርኖ ቤት ውሰዱት፣ በደቂቃ ያወጡላችኋል። መዶሻ ግን የለም። አዲሱን ስታስገቡ ግፊቱ የውስጠኛው ቀለበት ላይ ይሁን። ዘንጉ ላይ የሚጠብቀው እሱ ነውና። የውጩን ቀለበት ከመታችሁት ኳሶቹ ቀለበቱን ይጎዱታል፣ በዓይን አይታይም፣ ሲበራ ግን ይሰማል። የውስጡን ቀለበት የሚያህል ቁራጭ የብረት ቱቦ አግኝታችሁ ሞርሳ ላይ ቀስ ብላችሁ ግፉት፤ ቀጥ ብሎ መግባቱን በየግማሽ ዙሩ እያያችሁ።

ካርቦንና ፋን

የዚያኑ ሞተር ካርቦን ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ካላገኛችሁ አንዳንድ ሰው የግራይንደር ካርቦን ሞርዶ ያስገባል። ይሰራል፣ እኔም ቸግሮኝ አድርጌዋለሁ። ግን የካርቦኑ ጥንካሬ አንድ አይደለም፣ የጠነከረው መዳቡን ይበላዋል። ለአንድ ሳምንት ስራ ማስጨረሻ እንጂ ለዘላቂ አይሆንም።

ፋኖቹን ለብ ባለ ውሃና በሆምጣጤ ነክራችሁ በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ፣ ብዙ አታቆዩአቸው፣ በደንብ አድርቁ። አትፋቁ። ክንፉ የተቆረጠ ወይም የተሰነጠቀ ፋን በማስታሽ አይጠገንም፤ ከነሳህኑ ካላገኛችሁ ወደ አዲስ ሞተር ሂዱ። ስትመልሱ በፎቶው ቅደም ተከተል፣ ሮንዴላው ሳይዘለል። ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ዘንጉን አዙሩና ጆሯችሁን አስጠጉ፣ የሚነካ ነገር ካለ አሁን ይሰማል።

ጓርኒሲዮኑ ከተበላ የምትቆርጡበትን ነገር ምረጡ። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፣ አየር ያሳልፋል። የሲሊፐር ጫማ ሶል ግን ልክ ነው፣ ውስጡ የተዘጋ ቀዳዳ ስለሆነ አየር አያስገባም። አሮጌውን ላዩ ላይ አስቀምጡና በምላጭ ቁረጡ። ሲሊኮን በቱቦ ሙሉ የሚለጥፉ አሉ፤ ሌላ ጊዜ ስትፈቱት በመዶሻ ነው የምትለያዩት።

ማለማመድ

አዲስ ካርቦን ጠፍጣፋ ነው፣ መዳቡ ክብ ነው። ገና ጫፉ ብቻ ነው የሚነካው። በዚህ ሁኔታ ሙሉ 220 ቮልት ብትለቁበት እሳት ይረጫል፣ መዳቡን ያቃጥላል። ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በግማሽ ኃይል ይዙር።

ሁለት አንድ ዓይነት ሞተር ካላችሁ በተከታታይ አገናኟቸው፣ ኃይሉን ለሁለት ይካፈሉታል። አንድ ብቻ ከሆነ የሞተሩን ዋት የሚያህል ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ያቺ ተማሪዎች ሽሮ የሚሰሩባት፣ በተከታታይ ማስገባት ይቻላል። ኤሌክትሪክ ካልለመዳችሁ ግን ይሄን ለኤሌክትሪሺያን ተዉት። ምድጃው ደብዘዝ ብሎ ይቀላል፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል። በካርቦኑ ቀዳዳ በኩል ስታዩ መጀመሪያ የነበረው ብልጭታ እየቀነሰ ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ሲቀር ተለማምዷል። ቀለበቱን የሚዞር እሳት ካያችሁ አጥፉ፤ ወይ ካርቦኑ ይጣበቃል፣ ወይ አርማቸሩን በደንብ አልለካችሁትም።

መለካት

መልሳችሁ ገጠማችሁ እንበል። «ጥሩ ትስባለች» ማለት ልኬት አይደለም። እኔ የማደርገው ይሄን ነው። ማሽኗን ፎቅ በረንዳ ላይ አወጣለሁ፣ ከስር መሬት ላይ ባልዲ ውሃ አስቀምጣለሁ። ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ከባልዲው እስከ ማሽኗ መግቢያ እዘረጋለሁ፣ መግቢያውን አየር እንዳያስገባ በጎማ አጠባብቄ። ሳበራት ውሃው ቱቦው ውስጥ ይወጣና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላል። እዚያ ጋ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ ቀኑን እጽፋለሁ። ቢያልፍም ታንኩ ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ሞተሩን አይነካም።

ከጥገና በፊትና በኋላ ብትለኩ ድካማችሁ ምን እንዳመጣ ታያላችሁ። ከስድስት ወር በኋላ መስመሩ ከወረደ ማሽኗ ሳትጮህ በፊት ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ካታሎጉ ላይ ያለውን ቁጥር አትጠብቁ። እሱ የተለካው በባህር ወለል ነው፣ ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር እዚህ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ስበት ያጣል። ሻጩ አላታለላችሁም፣ ተራራው ነው።

አዲስ ስትገዙ

አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ የምትልኩ ከሆነ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጣችሁ ከላይ፣ ከጎን፣ ከስር ፎቶ አንሱ፣ ገላው ላይ ተለጥፎ የተጻፈውንም። የፋኑ ክፍል ስፋት (145 እና 183 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው)፣ አጠቃላይ ቁመቱ፣ የፋን ብዛቱ፣ የመግቢያ ቀዳዳው ስፋት፣ አየሩ የሚወጣው በአንድ ቀንድ በኩል ነው ወይስ ዙሪያውን፣ ይሄ ሁሉ መግጠም አለበት።

ቮልቱን ሁለቴ እዩ። ለአሜሪካ የተሰራ 120 ቮልት ሞተር የኛ ሶኬት ላይ ለጥቂት ሰከንድ እንደ ጄት ይጮህና ጭስ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ግን አየሩ በየት እንደሚያልፍ ጠይቁ። የደረቅ ቫኪዩም ሞተር የሚስበውን አየር በራሱ ጥቅል ሽቦ በኩል አሳልፎ በዚያው ይቀዘቅዛል። የኛ ማሽን አየር እርጥብ ነው። ስለዚህ የውሃ ማሽን ሞተር የሚስበውን አየር ለብቻው በጎን ያወጣል፣ ለራሱ ማቀዝቀዣ ደግሞ ሌላ ትንሽ ፋን ከላይ አለው። ሁለቱ ቆመው ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አንድ ሻጭ «ምንም ልዩነት የለውም፣ እኔ እያለሁ» ብሎ የደረቁን ሸጦልኝ 11 ቀን ሰራ። በ12ኛው ቀን ሶፋ እያጠብኩ ጭሱ ቤቱን ሞላው። ከላይ ለብቻው ማቀዝቀዣ ፋን ከሌለው አትግዙ፣ በነፃ ቢሰጧችሁም።

እንዳይደገም

ሳሙናችሁን ቀንሱ፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና ጨርሶ አትጠቀሙ። ደንበኛው ቀድሞ በኦሞ ያጠበው ምንጣፍ ከሆነ ደግሞ የናንተ ውሃ ብቻ ይበቃል አረፋ ለማስነሳት። አረፋ ማጥፊያ ፈሳሽ ቆሻሻ ታንኩ ውስጥ ጠብ አድርጉ፤ ከሌለ ትንሽ ሆምጣጤ ይረዳል። ታንኩ ሲሞላ ስበቱን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አረፋ ላይ አይንሳፈፍም፣ አረፋው በጎኑ አልፎ በቀጥታ ሞተሩ ጋ ይገባል። ኳሱን ታጥቦ በነፃነት የሚንቀሳቀስ አድርጉት፣ ክዳኑን እየከፈታችሁም አረፋውን እዩ።

ስራ ስትጨርሱ ታንኩን አፍስሱና ሞተሩን ቱቦው ተከፍቶ ለ5 ደቂቃ በባዶ አዙሩት። ውስጡ ይደርቃል። ታንኩን ከፍታችሁ አሳድሩ። ይሄን ብቻ ብታደርጉ የኩሽኔታ ወጪያችሁ ይቀንሳል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ አመጣጡ አይታወቅም።

መኪና ላይ ስላለው ትልቁ

እሱ ፋን የለውም። ስምንት ቁጥር የሚመስሉ ሁለት ወፍራም ብረቶች ሳይነካኩ እየተጠላለፉ ይዞራሉ፣ ጊርና ዘይት አላቸው፣ በቺንጊያ ወይም በቀጥታ ከሞተር ኃይል ይወስዳሉ። ሩትስ ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ1860 የፈጠራ መብቱን ባወጡት የሩትስ ወንድማማቾች ስም። በብረቶቹ መሃል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፣ እሱ ሲሰፋ አየር ወደ ኋላ ይሾልካል፣ ብሎወሩ ይግላል፣ ስበቱ ይወርዳል።

ከመክሰሳችሁ በፊት የቺንጊያውን ውጥረትና የዘይቱን ልክ እዩ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፣ ቀይሩት፣ የጎማ ማኅተሙንም። እርጥብ ሆኖ አድሮ ከተጣበቀ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት በመግቢያው ረጭታችሁ አሳድሩትና በማግስቱ ፑሊውን በእጅ ወደፊትም ወደኋላም ነቅነቅ አድርጉ። በሞተር ኃይል አታላቅቁት፣ ጊሩ ይሰበራል። ሲሰራ ብረት ለብረት የሚነካካ ድምፅ ካለው ግን ገላውን አትክፈቱ። የጊሮቹ አገጣጠም በጣም ጠባብ በሆነ ልክ የሚስተካከል ነው፣ በግምት የገጠመው ሰው ብረቶቹን ያጋጫል። እሱን ፈትቶ ለሚያውቅ ስጡ ወይም ሙሉውን ቀይሩ። ቀን በቀን የሚጠይቃችሁ ትንሽ ነው፦ ስራ ስትጨርሱ እየዞረ ሳለ ጥቂት የሚረጭ ዘይት በመግቢያው ስጡት፣ አንድ ደቂቃ ይዙር፣ ከዚያ አጥፉ።

የኔዋ ማሽን አሁንም ሁለተኛ ጊዜ የተጠገነውን ሞተር ይዛ ትሰራለች። በረንዳው ግድግዳ ላይ ሦስት የጠመኔ መስመር አለ፣ የመጨረሻው ከመካከለኛው ሁለት ጣት ብቻ ዝቅ ያለ። አከራዬ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ የማሽኗ ቁመት ነው አልኳቸው።